ራውተሩ ላይ ቤት፣ እናንተ ታች ቤት፦ ምድር ቤት ውስጥ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት እንዴት ይገባል?

«ዋይፋዩ ላይ ቤት እሳት ነው፣ እኔ ክፍል ግን አንድ መስመር እንኳ አይመጣም፤ ምን ልግዛ?» ይህችን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ ቁጥሯን ትቼዋለሁ። ጠያቂው ደሴ ውስጥ ሮቢት ቢሆን፣ ሆጤ ቢሆን፣ ሸዋ በር ቢሆን የቤቱ አሠራር አንድ ነው። ደሴ ቁልቁል ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ቤቱን ከመንገድ ስታዩት ባለ አንድ ወለል ይመስላል፣ በጀርባ ዞራችሁ ስትወርዱ ግን ከሥሩ ሌላ ሁለት ክፍል ይገኛል። እነዚያ ክፍሎች ይከራያሉ። ተከራዩ ተማሪ ነው፣ ወይ ደግሞ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ነው፣ ራውተሩ ደግሞ ላይ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል።

መልሴ ሁሌም ያው ነው። ኬብል አውርዱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በእናንተና በራውተሩ መሀል ፌሮ የበዛበት ሶሌታ አለ። ከጀርባችሁ ያለው ደግሞ የድንጋይ ግንብና እርጥብ አፈር ነው። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ራውተሩ ላይ አንቴና ብትደረድሩበትም ይህ አይቀየርም። በኬብል ካወረዳችሁት ግን አንዴ ለፍታችሁ ትገላገላላችሁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

1. ችግሩ የዋይፋዩ ነው ወይስ የመስመሩ? ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙና ፍጥነቱን ለኩ። ከዚያ ታች ወርዳችሁ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ላይም ታችም ከተንቀረፈፈ ችግሩ ከውጭ የሚገባው መስመር ነው፣ ኬብል ብታወርዱ ምንም አይለወጥም። ላይ ጥሩ ሆኖ ታች ከሞተ ቀጥሉ። ኮምፒውተር ያለው ሰው የበለጠ እርግጠኛ መሆን ይችላል፤ ታች ሆናችሁ የትዕዛዝ መጻፊያውን ጥቁር መስኮት ክፈቱና ለራውተሩ አድራሻ ፒንግ አድርጉ (ping ብላችሁ አድራሻውን አስከትሉ፤ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ያሳያችኋል)። አድራሻው ራውተሩ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየመጣ ኢንተርኔቱ ግን ካልሠራ ዋይፋዩ ደህና ነው። መልሱ አንዴ 5፣ አንዴ 900 እያለ ወይም እየጠፋ ከሆነ ሞገዱ አልደረሰም ማለት ነው።

2. በነፃ የሚሞከረውን ሞክሩ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጡትና ወደ ቁልቁለቱ በኩል ወዳለው መስኮት አስጠጉት። ሞገዱ በሶሌታው ማለፍ ቢያቅተው በመስኮት ወጥቶ በእናንተ መስኮት ሊገባ ይችላል። ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚሉ ሁለት ስሞች ካሉት ታች 2.4ን ተጠቀሙ፤ ግድግዳ በማለፍ እሱ ይሻላል። የዋይፋይ መለኪያ መተግበሪያ አውርዳችሁ ቁጥሩን እዩ። ቁጥሩ የሚነበበው በኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ከኔጌቲቭ 67 የተሻለ ከሆነ ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል፣ እዚህ ላይ አቁሙ፣ ብራችሁም ኪሳችሁ ትቅር። ኔጌቲቭ 80 እና ከዚያ የባሰ ከሆነ ወደ ኬብሉ እንሂድ።

የሚያስፈልጋችሁ

- የኔትወርክ ኬብል፣ ካት 5ኢ ወይም ካት 6። ጥቁሩን፣ ለውጭ የሚሆነውን ብትገዙ ይመረጣል።
- የኬብል ጫፍ (አርጄ 45)። የምትፈልጉት 2 ነው፣ እናንተ ግን 8 ግዙ። ለምን እንደሆነ ስትጀምሩት ይገባችኋል።
- ክሪምፐር (ጫፉን ከኬብሉ ጋር የሚያነክስ መቆንጠጫ) እና የኬብል ቴስተር (ሽቦዎቹ መገናኘታቸውን የሚፈትሽ)። ለአንድ ቀን ሥራ አትግዙ፣ ዲሽ ከሚገጥም ወይም ኮምፒውተር ከሚጠግን ሰው ተዋሱ።
- ሁለተኛ ራውተር። አሮጌ ይበቃል። ፋይበር ሲገባላችሁ ሳጥን ውስጥ የጣላችሁት የድሮ የስልክ መስመር ሞደም እንኳ ይሠራል።
- ድሪልና የ10 ሚሊሜትር ረጅም የግንብ መብሻ
- የፕላስቲክ ቱቦ፣ የኬብል ማሰሪያ፣ ሲሊኮን
- ለሁለቱም ራውተሮች ትንንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ (ስለሱ ወደ ታች አለ)

ስለ ኬብሉ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ውስጡ ሙሉ መዳብ ነው፣ ሌላው አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። ሁለተኛው ይረክሳል፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጓት፤ ሥሯ ብርማ ከሆነ መልሱለት።

ሥራው

3. ባለቤቱን አስፈቅዱ። ተከራይ ከሆናችሁ ድሪል ከመያዛችሁ በፊት ላይ ውጡና ቡናው ላይ አንሱት። ቀዳዳው የት እንደሚሆን በጣታችሁ አሳዩ። «እትዬ፣ በመስኮቱ ጥግ ነው፣ በሲሊኮን እደፍነዋለሁ» ስትሉ እሺ ይባላል። ሳታስፈቅዱ ከበሳችሁ ግን ጣጣው ከኔትወርክ በላይ ነው።

4. መንገዱን ምረጡና በገመድ ለኩ። ሶሌታውን ለመብሳት አታስቡ። ውስጡ ፌሮ አለ፣ ኮለንና ቢምም አይነኩም። ጥሩው መንገድ በውጭ ነው፤ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ወጥቶ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተጉዞ፣ በቤቱ ማዕዘን ወርዶ፣ በእናንተ መስኮት ጥግ ይገባል። በልብስ ማስጫ ገመድ እያንዳንዱን መታጠፊያ እየተከተላችሁ ለኩ፣ ከዚያ 3 ሜትር ጨምሩ። በዓይን የተገመተ ኬብል ሁሌ አንድ ሜትር ያጥራል። የዚህ ኬብል ወሰን 100 ሜትር ስለሆነ ለአንድ ግቢ ተርፎ ይተርፋል።

   ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ። ሲሻገረው ደግሞ መስቀለኛ ይሁን። ጎን ለጎን ሲሄዱ የመብራቱ ሽቦ ኬብሉን ይረብሻል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የአንዱ ልባስ ሲላጥ 220 ቮልት ወደ ራውተራችሁ ሊገባ ይችላል። ከአሸንዳውም አርቁት። በድጋፍ ግንቡ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች «ተበስቶ የተገኘ መንገድ» ብላችሁ ኬብል እንዳታስገቡባቸው፤ የተሠሩት በክረምት ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ እንዲወጣ ነው። ከተደፈኑ ውሃው ግንቡን ይገፋዋል።

5. ብሱ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይና በታች አትብሱ፣ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው። ሥራው ካለበት ክፍል በኩል ያለውን የመብራት ቆራጭም አጥፉ፣ ድሪሉን ከሌላ ክፍል ሳቡ። ግንቡ ድንጋይ ከሆነ ድንጋዩን ትታችሁ በሲሚንቶው መገጣጠሚያ ግቡ፣ መብሻውም እጃችሁም ይተርፋሉ። ቀዳዳው ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል። ወደ ውስጥ ከዘቀዘቀ በሐምሌ ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ፍራሻችሁ ላይ ይደርሳል።

6. ኬብሉን ጫፍ ሳይኖረው አሳልፉ። 10 ሚሊሜትር የበቃን ለዚህ ነው፣ ጫፍ ያለው ኬብል ከዚህ የሰፋ ቀዳዳ ይፈልጋል። ስትጎትቱ አትንጠቁት፣ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች እንደ ፀጉር ቀጭን ባይሆኑም ይሳባሉ። መታጠፊያው ላይ ክብ ይሁን እንጂ እንደ ወረቀት አይታጠፍ። በውጭ በኩል ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ትንሽ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ሽቅብ እንዲገባ አድርጉ። ውሃው ከታችኛው መታጠፊያ ይንጠባጠባል፣ ወደ ቀዳዳው አይወጣም። ሲሊኮኑን አሁን አትደፍኑ፣ ከፈተሻችሁ በኋላ ነው።

   ኮምቦልቻ ላላችሁ፦ እናንተ ጋ ቁልቁለቱ ያን ያህል አይደለም፣ ጥያቄው የሚመጣው ግቢው ዳር ካለው ሰርቪስ ቤት ነው። አሠራሩ ያው ሆኖ የእናንተ ጠላት ፀሐይ ናት። ለቤት ውስጥ የተሠራ ነጭ ኬብል ፀሐይ ላይ ከርሞ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በቱቦ ውስጥ ይሂድ።

7. ጫፎቹን ሥሩ። እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። በቀን፣ መስኮት አጠገብ ሥሩት። በደካማ አምፖል ሥር ነጭ-ብርቱካናማና ነጭ-ቡናማ መንትዮች ናቸው።

   የውጭውን ልባስ 3 ሴንቲሜትር ያህል ላጡ። አራት ጥምዝ ጥንዶች ታገኛላችሁ። ፈቷቸውና በጣታችሁ እየሳባችሁ አቅኗቸው። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ደርድሩ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት አጥብቃችሁ ይዛችሁ ከልባሱ 1.3 ሴንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ በአንድ ቆረጣ እኩል አድርጓቸው። ጫፉን ምላሱ ወደ ታች፣ መዳቦቹ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ እናንተ እንዲሆን ያዙ፤ ነጭ-ብርቱካናማው በግራ ይገባል። ስምንቱም ሽቦዎች የፕላስቲኩን መጨረሻ ሲነኩ ከፊት ሆናችሁ ስምንት የመዳብ ነጥቦች ታያላችሁ። የውጭው ልባስም ጫፉ ውስጥ ገባ ብሎ መነከስ አለበት፣ አለበለዚያ ኬብሉ ሲነካ ሽቦዎቹ ይነቀላሉ። አሁን በክሪምፐሩ አጥብቃችሁ ጨብጡት። ሌላኛውንም ጫፍ ልክ እንደዚሁ።

   «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን፣ ሰማያዊዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ በሚያምር ሁኔታ ሠራሁት። ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 አበራ። ኢንተርኔቱ ግን አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ራውተሩን ስሰድብ ቆየሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 3ኛውና 6ኛው ቦታ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ አብረው የተጠማዘዙ ሽቦዎች መሆን አለባቸው። ረብሻውን የሚያጠፋው ጥምዝማዙ ነው። ቴስተሩ ደግሞ መገናኘታቸውን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዙ አያይም።

8. በቴስተር ፈትሹ። ሁለቱም በኩል ከ1 እስከ 8 በተራ መብራት አለበት። አንዱ ከዘለለ ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ እንደገና ሥሩ። ከ8ቱ ጫፎች የቀሩት ለዚህ ነው። «4 እና 5 ባይበሩም ኢንተርኔት መጣ» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ በአራት ሽቦ 100 ሜጋቢት ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም።

9. ሁለተኛውን ራውተር አዘጋጁ፣ ኬብሉን ሳትሰኩ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

   ሀ. ከኋላ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት።

   ለ. በአጭር ኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና በማሰሻው ላይ አድራሻውን ጽፋችሁ ግቡ። ስሙና ፓስወርዱ ሥሩ ላይ ተጽፏል።

   ሐ. የዋይፋዩን ስም ቀይሩ፣ ጠንካራ ፓስወርድ ስጡት፣ ጥበቃውን ደብሊውፒኤ 2 አድርጉ። ብዙ ሰው ከላይኛው ጋር አንድ ዓይነት ስም ይሰጠዋል። እኔ ለየት ያለ ስም እመርጣለሁ፣ ስልክ የለመደውን ደካማ ሞገድ ሙጥኝ ማለት ስለሚወድ። «ታች» የሚል ስም ከሆነ የቱ ላይ እንዳላችሁ ታውቃላችሁ።

   መ. የውስጥ አድራሻውን ቀይሩ። ላይኛው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ይሁን። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ካላቸው ፖስተኛው ይሳሳታል። ላይኛው ራውተር ለስልኮች የሚያድላቸው ቁጥሮች ከ10 እንዲጀምሩ ብታደርጉ ደግሞ 2ን ለሌላ አይሰጥም።

   ሠ. በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡና ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፉ። ቁጥር የሚያድለው አንድ ራውተር ብቻ ነው መሆን ያለበት።

   ይህችን «ሠ» ረስቼ ምን እንደገጠመኝ ልንገራችሁ። ኬብሉን ሰካሁ፣ ታች ምንም የለም። በዚያው ቅጽበት ከላይ «ልጄ፣ ምን ነካኸው?» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ዓረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ነበር። የእኔ ራውተር ለላይ ቤቱ ስልክ ሁሉ የራሱን ቁጥር እያደለ፣ ኢንተርኔት በሌለበት በር ይመራቸዋል። ነቅዬ እስኪስተካከል ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

   አዲስ ራውተር ከሆነ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ይኖረዋል። እሱን ከነካችሁት መን እና ሠን ራሱ ይሠራቸዋል።

10. ሰኩ። ከላይኛው ራውተር ላን (LAN የሚል ቀዳዳ) ወደ ታችኛው ራውተር ላን። ብቻዋን ቆማ ቀለሟ የተለየ ቀዳዳ ካለች ዋን (WAN፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካባት) ናት፣ ተዋት፤ እሷን ከተጠቀማችሁ ታች የራሱ ሌላ ኔትወርክ ይሆናል፣ የላይኛውን ፕሪንተርም አያገኝም። ኮምፒውተራችሁ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ እሱን በኬብል ከታችኛው ራውተር ጋር አገናኙ፣ ዋይፋዩን ለስልክ ተዉት። ከዚያ ደረጃ 1 ላይ ያደረጋችሁትን ፒንግ ድገሙ። ያ ሲንገዳገድ የነበረው ቁጥር በኬብል 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይቆማል። አሁን ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ድፈኑ።

11. ቻናል፣ ማለትም ራውተሮቹ የሚጠቀሙበትን የሞገድ መስመር፣ ለዩ። በ2.4 ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ላይኛውን 1፣ ታችኛውን 11 አድርጉት፤ ጎረቤት 11ን ካጨናነቀው ወደ 6 ሂዱ። ራውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ምድር ቤት ወለሉ ይረጥባል። ግድግዳ ላይ በደረት ቁመት ስቀሉት፣ ከፍሪጅና ከብረት ቁምሳጥን ራቅ ይበል።

12. መብራት ሲጠፋስ? ታች ያለውን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ብታደርጉ ዋጋ የለውም፣ ላይኛው ከሞተ ኬብሉ ባዶ ነው። ሁለቱም ይፈልጋሉ፤ ፋይበር ያላችሁ ደግሞ ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ እሱም ሦስተኛ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን አዳፕተር አንብቡ። 12 ቮልት ካለ የዩፒኤሱ መውጫም 12 ይሁን፣ አምፔሩ ከአዳፕተሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን። 9 ቮልት የሚፈልገውን 12 ላይ ከሰካችሁት ሊቃጠል ይችላል።

ተጠንቀቁ

በክረምት መብረቅ ሲጀምር በውጭ የሚያልፈውን ኬብል ከሁለቱም ራውተር ንቀሉ፣ አዳፕተሮቹንም ከሶኬት። ኢንተርኔቱ የሚገባው በስልክ ሽቦ ከሆነ እሱንም። መብረቁ ቤታችሁን ባይመታ እንኳ በአካባቢው ሲወድቅ ረጅም ሽቦ ላይ የሚፈጥረው ኃይል ራውተሩን ለማቃጠል ይበቃል። መሰላል ላይ ስትወጡ ደግሞ ቁልቁለት መሆኑን አትርሱ፤ እግሩን የሚይዝ ሰው ይኑር።

ወደ ሳሎን የሚገባውን ቀጭን የፋይበር ገመድ ደግሞ ለማንቀሳቀስ ብላችሁ አትጠፉት፣ አትጎትቱት። ውስጡ መስታወት ነው። ራውተሩን ስታስጠጉ እሱ በሚደርስበት ልክ ብቻ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ኤክስቴንደር (የዋይፋይ ማራዘሚያ) ገዝቶ ታች ክፍሉ ውስጥ መሰካት። ደካማ ሞገድ ተቀብሎ ያንኑ ደካማ ኢንተርኔት በሙሉ መስመር ያሳያችኋል። ኤክስቴንደር የሚቀመጠው ሞገዱ ገና ደህና በሆነበት መሀል ቦታ ላይ ነው፣ ያኔም ብዙዎቹ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱታል።
- የተረፈውን ኬብል አጥብቆ ጠምዝዞ ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ጋር ማሰር።
- ኬብሉን በሚስማር እየመቱ ግድግዳ ላይ መያዝ። አንዲት ሚስማር አንድ ሽቦ ከነካች ብልሽቷን ስትፈልጉ ትውላላችሁ።
- ሁለት አጭር ኬብል በፕላስተር መቀጠል። እርጥበት ሲገባበት ያበቃለታል። ከአንድ ጫፍ እስከ አንድ ጫፍ ወጥ ይሁን።

መብሳት ጨርሶ ካልተፈቀደ

ጠፍጣፋ የኔትወርክ ኬብል አለ፣ በመስኮት ክፈፍና በመዝጊያው መሀል ሳይቆረጥ ያልፋል። መስኮቱን በየቀኑ የምትከፍቱት ከሆነ ግን በሌላው፣ በማይከፈተው በኩል አሳልፉት። እሱም ካልሆነ ኤክስቴንደሩን በደረጃው መሀል ወይም ላይኛው መስኮት ላይ ሰክታችሁ፣ ወደ እናንተ መስኮት ፊቱን አዙሩት። የመጨረሻው አማራጭ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። የደሴ ምድር ቤት በጀርባ ቢቀበርም በፊት በኩል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገደሉ ክፍት ነው፣ ስለዚህ መስኮቱ ላይ አስቀምጡት፤ የአንዱ ድርጅት ሲም ካልያዘ ከመግዛታችሁ በፊት በስልካችሁ የሌላውን ሲም እዚያው መስኮት ላይ ሞክሩ።